ግጥም የሚጠብቅ መሰንቆ

በ1993 ዓ.ም. አባቴ ኮተቤ ወደነበረው ቤታችን ኮምፒዩተር ሊያመጣ ሲል፣ ዕቃውን የገጣጠመው ባለሙያ «ሳውንድ ካርድ ይጨመርበት?» ብሎ ጠይቆት ነበር። አባቴ የሰጠው መልስ በቤታችን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ «ድምፅ ለትምህርት ምን ያደርጋል?» በዚህም ምክንያት ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የነበረን ኮምፒዩተር፣ ሲነሣ አንድ ጊዜ «ጢጥ» ከማለት በቀር ትንፍሽ የማይል ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ አድቬንቸር ጌም ከሚባለው የጨዋታ ዓይነት ጋር የተዋወቅነው በዚህ ዲዳ ኮምፒዩተር ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታችን ራንድ እና ሮቢን ሚለር የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ነው። ስሙ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከ«ሚስት» ሌላ መጻፊያ የለውም። እናቴም ጎረቤት ወንድሜን ሲጠይቃት «ከሚስቱ ጋር በሩን ዘግቶ ተቀምጧል» እያለች ስንት ሰው አስደንግጣለች። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ነው። የሚተኮስበት ጠላት የለም፤ የሚቆጥር ሰዓትም የለም። ማውሱን እየተጫኑ ከሥዕል ወደ ሥዕል መሄድ፣ ጥለዋቸው የሄዱ መጻሕፍትን ማንበብ፣ ማንሻዎችን መሳብ፣ ከዚያም ማሰብ ነው። እኛ በስኩዌር ደብተር ላይ የደሴቱን ካርታ ስለን፣ የበሩን ሁሉ ምልክት ገልብጠን፣ ያ ዝምታ የጨዋታው ጠባይ መስሎን ወራት አሳለፍን። በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ግምታችን ከእውነቱ የራቀ አልነበረም። ወንድማማቾቹ ሙዚቃ የተጫዋቹን ሐሳብ ይበታትናል ብለው ስለፈሩ መጀመሪያ ጨዋታውን ያለ ሙዚቃ ሊያወጡት አስበው ነበር፤ ሞክረው ሲያዩት ግን ቦታዎቹን እንደሚያደምቅ ተገነዘቡና ሮቢን 40 ደቂቃ ያህል የሚሆን ሙዚቃ ደረሰለት። እኛ ኮተቤ ተቀምጠን የተጫወትነው፣ የነፋሱና የውኃው ድምፅ ሳይቆጠር፣ እነሱ አስበው የተዉትን ጨዋታ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የጠናብን መንኮራኩሩ ላይ ስንደርስ ነው። በደሴቱ ላይ አንድ የጠፈር መንኮራኩር ቆሟል። ወደ ውስጥ ለመግባት ኤሌክትሪኩን ልክ 59 ቮልት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን በወረቀትና በእርሳስ እየደመርን አገኘነው። ውስጡ ግን በአንደኛው ጫፍ የኦርጋን ቁልፎች፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የሚንሸራተቱ አምስት መቆጣጠሪያዎች አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በተገኘ አንድ መጽሐፍ ላይ የተመለከቱትን አምስት ቁልፎች በተራቸው ተጭኖ ድምፃቸውን መስማት፣ ከዚያም ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ አምስቱን መንሸራተቻዎች ከእነዚያ ድምፆች ጋር ማመሳሰል ግድ ነው። መጽሐፉን አግኝተናል፤ ቁልፎቹንም አውቀናል። ሆኖም ድምፅ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ አንዱ ቁልፍ ከሌላው በምን ይለያል? መንሸራተቻዎቹን በዕድል ስናንቀሳቅስ ሁለት ወር ሄደ። አባቴ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቀው ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ይህን ለእሱ የምንነግርበት አፍ አልነበረንም።

ሳውንድ ካርዱን በ1994 ዓ.ም. ክረምት ወንድሜ ካጠራቀማት ገንዘብ ከመርካቶ ገዛው፤ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮችም ተጨመሩለት። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ፈልጎ ለማግኘት ሌላ ሳምንት ፈጀ። ድምፁ የሠራ ዕለት ማታ ዝናብ ነበር፤ ኮተቤ ያኔ የከተማው ጫፍ ስለነበረች ከባሕር ዛፉ በኩል ጅብ ይጮኻል፤ ከስፒከሩ ደግሞ የደሴቱ ነፋስ ይመጣል። ወንድሜ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ደጋግሞ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ሙዚቃውን የሰማሁት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስገባ ነው። ለማፏጨት የሚሆን ዜማ አልነበረውም፤ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ነበር። ያን ክፍል በካርታችን ላይ በአራት ማዕዘን ስለን «መጻሕፍት፣ ምድጃ፣ ሁለት ሥዕል» ብለን ጽፈንበታል፤ ከመቶ ጊዜ በላይም ገብተንበታል። በዚያች ሌሊት ግን አንድ ሰው ከውስጡ አሁን የወጣ መሰለኝና ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

መንኮራኩሩን ያለፍነው በእኔም በወንድሜም ጉብዝና አይደለም። ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ክራር ይጫወቱ እንደነበር ሲወራ ሰምቻለሁ እንጂ ሲጫወቱ ሰምቻቸው አላውቅም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሊጠጡ ገብተው ሳለ፣ ወንድሜ ስኒያቸውን እንደያዙ ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጣቸው። እኛ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ለፋን፤ ለእሳቸው አንድ ጊዜ መስማት በቃቸው። «ቃኙልኝ ነው እኮ የሚላችሁ» አሉ።

ክፋቱ ኦርጋኑና መንሸራተቻዎቹ በአንድ ሥዕል ላይ አለመታየታቸው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ዞሮ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰውዬው እዚያ እስኪደርስ ድረስ የሰማው ድምፅ ከጆሮው ይጠፋል። ጋሼ ግን ወንድሜ ቁልፉን እንደተጫነ ድምፁን በጉሮሯቸው ያዙት። እኔ ማውሱን እየተጫንሁ መንኮራኩሩን እስካቋርጥ ዓይናቸውን ጨፍነው «እምምም» እያሉ ቆዩ፤ መንሸራተቻውን ስገፋ ደግሞ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል የሌለ የክራር መቃኛ ያጠብቁ ነበር። «ገና ነህ። ገና። አለፍከው፣ መልሰው። ትንሽ ብቻ... እሱ ነው፣ አትንካው!» አምስቱን ስንጨርስ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ማንሻውን ስስብ አምስቱ ድምፆች ተራ በተራ ተሰሙና አንድ መጽሐፍ ብቅ አለ። ጋሼ መንኮራኩሩ ይበርራል ብለው ጠብቀው ኖሮ ቅር አላቸው። «ለመጽሐፍ ነው ይህ ሁሉ?» ብለው ወደ ስኒያቸው ተመለሱ።

«ቃኙልኝ» ያሉት ቃል ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ኖሯል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። ዘፋኙ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት፣ ክራሩ ገና ሲነካ፣ አድማጩ ልቡን በየትኛው በኩል እንደሚያዘነብል ያውቃል። በትዝታ ቅኝት አንድ ሌሊት ሙሉ ቢዘፈን ግጥሙ ይለዋወጣል እንጂ ቅኝቱ «አለቀ» አይባልም። የአድቬንቸር ጌም ሙዚቃም ለእኔ ከዘፈን ይልቅ ለቅኝት የቀረበ ነው፤ ለሰው ሳይሆን ለቦታ የተሰጠ ቅኝት። ለፊልም ሙዚቃ የሚደርስ ሰው በሩ የሚከፈተው በስንተኛው ሰከንድ እንደሆነ ያውቃል፤ ዜማውን ወደዚያች ሰከንድ ያደርሳታል፣ እዚያም ያሳርፋታል። ተኩስ ባለበት ጨዋታም ቢሆን ሙዚቃው ከተጫዋቹ ጋር ይሮጣል። አድቬንቸር ጌም ውስጥ ግን ተጫዋቹ በሩ ፊት አሥር ሰከንድ ይቁም፣ ሦስት ሰዓት ይቁም፣ ወይም መብራት ጠፍቶበት በማግሥቱ ይመለስ፣ ዜማ ደራሲው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። 40 ሰከንድ የምትፈጅ ዜማ በአንድ ሰዓት ውስጥ 90 ጊዜ ትመለሳለች። ዘጠና ጊዜ ተሰምታ ያላሰለቸች፣ ዘጠና ጊዜም ተሰምታ «ተነሥ፣ ሂድ» ያላለች ዜማ መድረስ ቀላል ሥራ አይመስለኝም። ሠርግ ላይ ዲጄ የሚያደርገውን እዚህ ያደረገ ደራሲ ተጫዋቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስፒከሩን ነቅሎ እንዲጥለው ያደርጋል።

ሙዚቃውን ራሱን የጨዋታው እጅ ያደረገውን «ሉም» የተባለውን ጨዋታ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ስካምቪኤም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዩ ጨዋታዎችን በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ እያስነሣ የሚገኘው፣ ባይኖር ኖሮ ጭራሹን ባላገኘሁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ብራያን ሞሪያርቲ የነደፈው ጨዋታ ነው። ባለታሪኩ ሸማኔ ነው፤ ሸማኔነቱ ግን ድምፅን መሸመን ነው። በእጁ በያዘው የፈትል ዘንግ ላይ አራት ድምፆችን በተራ ሲያሰማ የተዘጋው ይከፈታል፤ ያንኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ ሲያሰማው የተከፈተው ይዘጋል። በከባዱ ደረጃ ላይ ደግሞ ድምፆቹ በዓይን አይታዩም፣ በጆሮ ብቻ ነው የሚያዙት። የጀርባው ሙዚቃ ከቻይኮቭስኪ የባሌት ሙዚቃ ከ«ስዋን ሌክ» የተወሰደ ነው። ሽሮ ሜዳ አጠገብ ላደገ ሰው፣ የመወርወሪያውን ምት ከጠዋት እስከ ማታ እየሰማ ላደገ ማለቴ ነው፣ ይህ ሐሳብ ምን ያህል ቅርብ ሊሆን እንደሚችል እያሰብሁ ነው የተጫወትሁት። ኮምፒዩተራችን ዲዳ በነበረበት ዘመን እጄ ገብቶ ቢሆን ግን በከባዱ ደረጃ ከደጃፉ አላልፍም ነበር።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የምለው አይገባም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረው ተራ ኮምፒዩተር ውስጡ ካለችው ስፒከር በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጣው። በ1987 አድሊብ የተባለው ካርድ በያማሃ ቺፕ ዘጠኝ ድምፅ በአንድ ጊዜ ማሰማት ቻለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የሮላንድ ኤምቲ-32 የተባለው የድምፅ መሣሪያ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነበር። በ1988 ሲየራ የተባለው ኩባንያ «ኪንግስ ኩዌስት 4»ን ሲያወጣ ሙዚቃውን ለፊልምና ለቴሌቪዥን ይደርስ የነበረውን ዊልያም ጎልድስታይንን አስጽፎ ለእነዚህ መሣሪያዎች አዘጋጀው። ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ ያኔ በዲስኩ ላይ የሚቀመጠው የተቀረጸ ሙዚቃ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። «አሁን ይህን ድምፅ፣ በዚህ መሣሪያ፣ ይህን ያህል አቆይ» የሚል፣ እንደ ኖታ ያለ ጽሑፍ ነው። አንዱን ዜማ አንዱ ተጫዋች በርካሽ ካርድ እንደ ቆርቆሮ፣ ሌላው በውድ መሣሪያ እንደ ሙሉ ባንድ ሆኖ ሰምቶታል። ኖታ ስለሆነ ደግሞ እየተጫወተ ሳለ ሊታዘዝ፣ መሣሪያ ሊለውጥ፣ ሊዞር ይችላል።

ይህን ነገር ከሁሉ በተሻለ የተጠቀሙበት ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል የተባሉ ዜማ ደራሲዎች ናቸው። ሉካስ አርትስ በተባለው የጨዋታ ኩባንያ ውስጥ «አይሚዩዝ» የተባለ ሥርዓት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «መንኪ አይላንድ 2» ላይ አዋሉት። በጨዋታው መጀመሪያ አካባቢ ከተሰባበሩ መርከቦች የተሠራች ዉድቲክ የምትባል መንደር አለች። ባለታሪኩ በእንጨት ድልድዩ ላይ ሲሄድ አንድ ዜማ ይሰማል። አናጢው ቤት ሲገባ ዜማው አይቆረጥም፤ አንድ ሐረግ ይጨርስና ሌላ መሣሪያ ይቀበለዋል፤ ዜማው ያው፣ ጠባዩ ግን የአናጢው ይሆናል። ሲወጣ እንደገና ሐረጉን ጨርሶ ወደ ድልድዩ ዜማ ይመለሳል። ካርታ ሠሪው ጋ፣ ልብስ አጣቢው ጋ፣ መጠጥ ቤቱ ጋ፣ ሁሉም የየራሱ አለው። ተጫዋቹ በየትኛው ቅጽበት በሩን እንደሚከፍት ማንም አያውቅም፤ ሙዚቃው ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። መጀመሪያ ስሰማው ስፌቱ የት እንዳለ ለማግኘት ብዬ አንዱን በር ሃያ ጊዜ ያህል ስወጣና ስገባ አመሸሁ። አላገኘሁትም።

አሁን የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ኮተቤም ከተማ ሆናለች፣ የከተማው ጫፍ ወደዚህ ተሻግሯል፤ ጅቦቹም አብረው ሳይሻገሩ አልቀሩም። ባለፈው ፆም የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። የእሱ ጨዋታ በጌም ቤት የሚያውቀው ኳስ ነው፤ በስልኩም ቢሆን የሚጫወተው ድምፁን አጥፍቶ ነው፣ ታክሲ ላይ ስለለመደ። ዉድቲክን ከፍቼ ስሰጠው ድምፁን እንዳያጠፋው ብቻ ለመንሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግራ ገባው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሰ መድረሻ አጣ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ቡና እየቆላች፣ በተከፈተው የመኝታ ቤት በር በኩል የሚመጣውን ዜማ ብዙ ካዳመጠች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «ይሄ ሰውዬ ግጥም የሚሰጠው አጥቶ ነው እንዴ እንዲህ የሚመላለሰው?»

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያለችው ወዲያው ይገባዋል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ዜማ ያዞራል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ይልና አንድ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ከዜማው ጋር አስማምቶ ይመልሰዋል። በዚህ መካከል ያለው ጊዜ ልክ የለውም። ሰጪው ስንኙን እስኪያገኝ ብርጭቆውን ያነሣል፣ ጓደኛውን ያማክራል፣ ይስቃል። መሰንቆው ግን አይቆምም፣ አይቸኩልም፣ አይሰለቸውም። ስንኙ በዜማው መሐል ቢመጣ እንኳ አዝማሪው ዜማውን እስኪጨርስ ይጠብቅና በቦታው ያስገባዋል። ላንድና ማኮኔል በብዙ ድካም ለኮምፒዩተር ያስተማሩትና በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠበት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። እኔ ይህን ጨዋታ ለዓመታት ስጫወት፣ ስለ ቅኝትም ስፈላሰፍ፣ አዝማሪው አንድም ቀን ትዝ አላለኝም፤ እናቴ ቡና እየቆላች አገኘችው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥም በእሷ ቃል መተርጎም ቀለለኝ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲዲ ሲስፋፋ ጨዋታዎች በእውነተኛ ተጫዋቾች የተቀረጸ ሙዚቃ መያዝ ጀመሩ። ድምፁ ያለ ጥርጥር አማረ። ፒተር ማኮኔል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ለወጣው «ግሪም ፋንዳንጎ» የደረሰው፣ በሙታን አገር ውስጥ የሚሰማው ጃዝ፣ ለብቻው ተቀምጠው ቢያዳምጡት የሚደክም አይደለም፤ እኔም እያበሰልሁ አዳምጠዋለሁ። ሆኖም ካሴት ላይ ያለ አዝማሪ ግጥም አይቀበልም። የተቀረጸው ሙዚቃ ከክፍል ወደ ክፍል ሲኬድ አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ ይተካካል እንጂ እንደ ዉድቲክ ሐረጉን ጨርሶ መሣሪያውን ለሌላ አያቀብልም። ዛሬ የኮምፒዩተሩ አቅም ሁለቱንም በአንድነት ማድረግ ይችላል፤ የሚያደርጉም አሉ። ብዙዎቹ ግን ውበቱን ይዘው መጠበቁን ትተውታል፤ ሙዚቃው ያምራል፣ ያልቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በር ፊት ግራ ገብቶት የቆመው ሰው መቆሙን የሚያውቅለት የለም።

ልጁ ዉድቲክ ውስጥ እንዳለ እናቴ አቦሉን ቀዳች። ከሳሎን ሆኜ ልጁንም ኮምፒዩተሩንም አላይም፤ የት እንዳለ ግን ከመሣሪያው አውቃለሁ። ካርታ ሠሪው ጋ ነበር፤ ወጣ፤ ድልድዩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ አናጢው ጋ ገባ፣ ለአምስተኛ ጊዜ መሰለኝ። «ጥራው እንጂ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» አለች እናቴ። ሐረጉን ይጨርስ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ።